ስምም ግስም፦ ስለ እንግሊዝኛ ቃላት የአንባቢያን ጥያቄዎች

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት መልኩን ሳይለውጥ አንዴ ስም አንዴ ግስ እየሆነ ስለሚያገለግል የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉ ራሱ ባይለወጥም ከፊቱና ከኋላው የሚመጣው ሁሉ ይለወጣል። ስህተቱም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው ነው። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎችን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል።

ጥያቄ፦ በማመልከቻዬ መጨረሻ ላይ «ፕሊዝ ኮንታክት ዊዝ ሚ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ያረመልኝ ሰው «ዊዝ»ን ሰረዛት። «አይ አም ኢን ኮንታክት ዊዝ ሂም» ግን ትክክል እንደሆነ አውቃለሁ። ያው ቃል አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ቃሉ ያው ነው፤ ሥራው ግን ተለውጧል። በእርስዎ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ኮንታክት» ግስ ነው፤ ግሱ ደግሞ ተሳቢውን በቀጥታ ይወስዳል፤ «ኮንታክት ሚ» ይበቃል። በሁለተኛው ላይ ስም ነው። ስም ተሳቢ መውሰድ ስለማይችል ከሚቀጥለው ቃል ጋር የሚያያይዘው መስተዋድድ ይፈልጋል። ስህተቱ ከሁለት በኩል ይመጣል። በአማርኛ «ከእኔ ጋር ተገናኙ» ስለምንል «ጋር» ሳናስበው «ዊዝ» ሆና ትሻገራለች። በሌላ በኩል ስሙን ከነመስተዋድዱ አስቀድመን ስለምናጠናው ግሱንም ከነመስተዋድዱ እናስኬደዋለን።

ይህን አንዴ የያዘ ሰው በብዙ ደርዘን ቃላት ላይ ከመሳሳት ይድናል። ግሱ ያለ መስተዋድድ ሲሄድ፣ ስሙ ከሚከተሉት አንዱን ይይዛል፦

«ቱ» ወደ አንድ ነገር የሚያመሩትን ትከተላለች። ግሱ «አንሰር ዘ ክዌስችን» ሲሆን ስሙ «ኤን አንሰር ቱ ዘ ክዌስችን» ይሆናል። «ቪዚት»፣ «አክሰስ» እና «ዳሜጅ»ም እንዲሁ ናቸው።

«ፎር» ከመፈለግና ከመጠየቅ ጋር ትሄዳለች፦ «ሪክዌስት»፣ «ዲማንድ»፣ «ኒድ»። «ዊ ሪክዌስትድ ፎር ኤ ሚቲንግ» በመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች ላይ በብዛት የሚታይ ስህተት ነው፤ ግስ ስለሆነ «ፎር» መውጣት አለባት። «አወር ሪክዌስት ፎር ኤ ሚቲንግ» ሲባል ግን የግድ ትገባለች።

«ኦን» ጫና ወይም ገደብ የሚያሳርፉትን ትይዛለች፦ «አታክ»፣ «ኢንፍሉዌንስ»፣ «ባን»፣ «ሊሚት»። «ስትሬስ»ን እዚህ ላይ ለይተን እንጥቀሰው፤ በአማርኛ «በጉዳዩ ላይ አጽንኦት ሰጠ» ስለምንል «ሂ ስትሬስድ ኦን ዘ ኢሹ» ማለት ይቀናናል። ትክክሉ «ሂ ስትሬስድ ዘ ኢሹ» ነው።

«ኦፍ» ከ«ፊር»፣ ከ«ላክ» (ጉድለት) እና ከ«ሪቪው» ጋር ትውላለች። «ዊ ላክ ኦፍ ታይም» አይባልም። ወይ «ዊ ላክ ታይም»፣ ወይ «ኤ ላክ ኦፍ ታይም» ነው።

«ኢን» መጨመርና መቀነስን፣ መለወጥንም ትከተላለች፦ «ኤን ኢንክሪስ ኢን ዘ ፕራይስ»። መጠኑን ሲጠቅሱ ግን «ኦፍ» ይሆናል፤ «ኤን ኢንክሪስ ኦፍ 10 ፐርሰንት»። «ቼንጅ»ም ሁለቱንም ይቀበላል፤ ትርጉሙ ግን ይለያያል። «ኤ ቼንጅ ኢን» ነገሩ ራሱ መለወጡን ሲያሳይ፣ «ኤ ቼንጅ ኦፍ አድሬስ» አሮጌው አድራሻ ቀርቶ በሌላ መተካቱን ያሳያል።

ግሱ ራሱ ከመጀመሪያው መስተዋድድ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ስሙ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ይወርሳል፦ «ሪፕላይ ቱ»፣ «ኮሜንት ኦን»፣ «ቶክ አባውት»። «አንሰር» እና «ሪፕላይ» ትርጉማቸው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ተማሪዎች የሚያቀያይሯቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ «ሪፕላይ ዘ ኢሜይል» ስህተት፣ «አንሰር ዘ ኢሜይል» ትክክል ነው። «ሰርች» ለብቻው መጠናት ያለበት ቃል ነው። «ሰርች ዘ ሩም» ሲባል የሚፈተሸው ቦታ ክፍሉ ነው፤ «ሰርች ፎር ዘ ኪ» ሲባል የሚፈለገው ነገር ቁልፉ ነው። ወደ ስም ሲዞር የመጀመሪያው «ኤ ሰርች ኦፍ ዘ ሩም»፣ ሁለተኛው «ኤ ሰርች ፎር ዘ ኪ» ይሆናል።

እንዲህ ያሉ ቃላትን ለብቻቸው በዝርዝር መሸምደድ አይረዳም። በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ለእያንዳንዱ ቃል ሁለት አጫጭር ሐረጎች ይጻፉ፤ አንዱ በግስነቱ ከነተሳቢው፣ ሌላው በስምነቱ ከነመስተዋድዱ።

ጥያቄ፦ በንባብ ጊዜ ቃሉ ስም ይሁን ግስ በምን እለያለሁ? በተለይ ከ«ቱ» በኋላ ሲመጣ ግራ ይገባኛል።

መልስ፦ መጀመሪያ ከቃሉ ፊት ያለውን ይዩ። «ኤ»፣ «ዘ»፣ «ማይ»፣ «ዚስ»፣ «ኖ» ወይም ቅጽል ከቀደመው ስም ነው። «ካን»፣ «ዊል»፣ «መስት»፣ «ዶንት» ወይም እንደ «ዜይ» ያለ ተውላጠ ስም ከቀደመው ግስ ነው።

«ቱ» አስቸጋሪ የሆነችው ሁለት ሥራ ስላላት ነው። አንዳንዴ መስተዋድድ ናት፤ አንዳንዴ ደግሞ በአማርኛ ንዑስ አንቀጽ የምንለውን («መሥራት») የምታቆም ምልክት ናት። ለመለየት በ«ቱ» እና በቃሉ መካከል «ማይ» አስገብተው ይሞክሩ። «አይ ጎ ቱ ወርክ» የሚለው «አይ ጎ ቱ ማይ ወርክ» ሊሆን ስለሚችል ስም ነው። «አይ ዎንት ቱ ወርክ» ግን «አይ ዎንት ቱ ማይ ወርክ» ሲሆን ይፈርሳል፤ ስለዚህ ግስ ነው።

መጨረሻ ላይ ያለው የ«ኤስ» ድምፅም ሁለት መልክ አለው፤ የብዙ ቁጥር ስም ወይም የሦስተኛ መደብ ነጠላ ግስ ሊሆን ይችላል። ተራ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሂስ አንሰርስ» እና «ሂ አንሰርስ» በፊታቸው ባለው ቃል ይለያሉ። የጋዜጣ ርዕስ ግን «ዘ» እና «ኤ»ን ስለሚጥል መለያው አብሮ ይጠፋል። «ዩኒየን ዲማንድስ ኢንክሪስ» የሚል ርዕስ «ማኅበሩ ጭማሪ ጠየቀ» ተብሎም «የማኅበሩ ጥያቄዎች ጨመሩ» ተብሎም ይነበባል። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ጥርጣሬው ይጠፋል፤ ምክንያቱን በሚቀጥለው መልስ ላይ ያገኙታል።

ስትጽፉም ልብ በሉ፤ ስሙን የሚገልጸው ቅጽል፣ ግሱን የሚገልጸው ደግሞ ተውሳከ ግስ ነው። «ኤ ኩዊክ አንሰር»፣ ግን «አንሰር ኩዊክሊ»።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። «ሪኮርድ»ን ስምም ግስም ሲሆን ተማሪዎቼ አንድ ዓይነት አድርገው ያነቡታል። ደንቡን እንዴት ላስረዳ?

መልስ፦ ከአማርኛው ይነሡ። «ገና» ሲላላ «እስካሁን ያልሆነ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ፊደሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚሰማው ጆሮ ብቻ ነው። እንግሊዝኛውም ጫናውን፣ ማለትም ከቃሉ ክፍሎች የትኛው ጠንክሮ እንደሚነገር፣ በፊደል አያሳይም፤ አንባቢው ቃሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የያዘውን ቦታ ዓይቶ ራሱ ያስቀምጠዋል። ተማሪዎ ይህን ከገባው ግማሹ መንገድ ተሄደ።

ደንቡ ይህ ነው፦ ባለሁለት ክፍለ ቃል በሆኑ ብዙ ቃላት ላይ ጫናው በስም ጊዜ በመጀመሪያው፣ በግስ ጊዜ በሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል። ጫና የለቀቀው ክፍል አናባቢው ይደበዝዛል። ስለዚህ ስሙ «ሬከርድ»፣ ግሱ «ሪኮርድ» ይሆናል። ስጦታ «ፕሬዝንት»፣ ማቅረብ «ፕሪዜንት»፤ ዕቃ «ኦብጀክት»፣ መቃወም «ኧብጄክት» ነው። ተማሪ አጥብቆ ለመጥራት ሲል ሁለቱንም ክፍሎች እኩል ካጠነከረ ልዩነቱ አይሰማም፤ ደካማውን ክፍል ማሳጠር ጠንካራውን ከመጮህ የበለጠ ይሠራል።

ጫናቸው ከሚዘዋወሩት ውስጥ ለክፍል የሚበቁት እነዚህ ናቸው፦ «ኢምፖርት»፣ «ኤክስፖርት»፣ «ኢንክሪስ»፣ «ዲክሪስ»፣ «ፐርሚት»፣ «ኮንትራክት»፣ «ኮንፍሊክት»፣ «ፕሮዲውስ»፣ «ፕሮቴስት»፣ «ሰስፔክት»፣ «ኢንሰልት»፣ «ሪፈንድ»። ለጥንቃቄ «ሪፊውዝ»ን ያክሉበት፤ ግሱ እምቢ ማለት ሲሆን፣ ስሙ «ሬፊውስ» ተብሎ ይጠራል፤ ትርጉሙም ቆሻሻ ነው።

ደንቡ ሁሉንም አይገዛም፤ ተማሪዎች ከተማሩት በኋላ የሚሠሩት አዲስ ስህተትም ከዚህ ይመጣል። «ሪፖርት»፣ «ሪፕላይ»፣ «ሰፖርት»፣ «ሪስፔክት»፣ «ሪክዌስት»፣ «ኮንትሮል»፣ «ዲሌይ» በሁለቱም ጊዜ ሁለተኛው ክፍል ላይ ይጠነክራሉ። «አንሰር»፣ «ቪዚት»፣ «ፕሮሚስ»፣ «ኦፈር»፣ «ኮሜንት»፣ «ፐርቸስ» ደግሞ ሁልጊዜ መጀመሪያው ላይ ናቸው። የሚዘዋወሩት ቁጥራቸው ባለፉት ዘመናት ሲጨምር ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. በ1570 የተመዘገቡት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ «አውትሎ»፣ «ሬብል» እና «ሬከርድ»። በ1934 ወደ 150 ደርሰዋል። ስለዚህ ሁለት መዝገበ ቃላት በአንድ ቃል ላይ ባይስማሙ አይደነቁ። «አድሬስ» ለምሳሌ በብሪታንያ በሁለቱም ጊዜ መጨረሻው ላይ ይጠነክራል፤ በአሜሪካ ስሙን ብዙዎች መጀመሪያው ላይ ያጠነክሩታል።

ሁለት ነገሮች ከመጽሐፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቀራሉ። ከግሱ የወጣ ቃል የግሱን ጫና ይዞ ይሄዳል፤ «ሪኮርዲንግ» እና «ሪኮርደር» ስም ቢሆኑም «ኮር» ላይ ይጠነክራሉ። በሌላ ስም ፊት እንደ ቅጽል የገባው ግን የስሙን ይይዛል፤ «ኢምፖርት ታክስ» ሲባል «ኢም» ይጠነክራል።

ሌላው ቡድን በ«ኤይት» የሚያልቀው ነው፦ «ኤስቲሜት»፣ «ግራጁዌት»፣ «ዴሊጌት»፣ «አድቮኬት»። እነዚህ ጫና አያዘዋውሩም። ግሱ መጨረሻው ላይ ሙሉ «ኤይት» ያሰማል፤ ስሙ ግን አሳጥሮ «ኧት» ብቻ ይላል።

ጥያቄ፦ «አድቫይስ» በ«ሲ» ወይስ በ«ኤስ» ይጻፋል? «ፕራክቲስ»ስ?

መልስ፦ ምክር (ስም) በ«ሲ»፣ መምከር (ግስ) በ«ኤስ»፤ አጠራሩም ይለያል፤ ስሙ በ«ስ»፣ ግሱ በ«ዝ» ድምፅ ያልቃል። ይህ በየትም አገር አንድ ነው። «ፕራክቲስ» እና «ላይሰንስ» ግን ለዓይን ብቻ ናቸው። የብሪታንያ አጻጻፍ ስሙን በ«ሲ»፣ ግሱን በ«ኤስ» ይጽፋል፤ አሜሪካኖች «ፕራክቲስ»ን ሁልጊዜ በ«ሲ»፣ «ላይሰንስ»ን ሁልጊዜ በ«ኤስ» ይጽፋሉ፤ አጠራሩ በሁሉም አንድ ነው። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው ይዝለቁበት።

አጻጻፋቸው ሳይለወጥ ድምፃቸው ብቻ የሚለወጥም አሉ፤ «ዩዝ»፣ «ሃውስ»፣ «ኤክስኪውዝ»። ስም ሲሆኑ «ስ»፣ ግስ ሲሆኑ «ዝ»። «ዘ ዩዝ ኦፍ» የሚል ሰው ከሰማችሁ ስሙን በግሱ ድምፅ እየጠራው ነው፤ «ዘ ዩስ ኦፍ» መሆን ነበረበት።

ጥያቄ፦ «አይ ሃቭ ሜኒ ወርክስ» ብዬ ሰዎች ሳቁብኝ። ሥራዎች ብዙ ሊሆኑ አይችሉም ማለት ነው?

መልስ፦ ሥራው ብዙ ሊሆን ይችላል፤ «ወርክ» የሚለው ስም ግን አይቆጠርም። «ኤ ሎት ኦፍ ወርክ» ይበሉ፤ መቁጠር ካለብዎ «ጆብስ» ወይም «ታስክስ»ን ይጠቀሙ። «ሺ ወርክስ» ሲባል ስለምንሰማ ቃሉ ለጆሯችን እንግዳ አይሆንም፤ እዚያ ላይ ያለው «ስ» ግን የግሱ ነው። ስሙ «ወርክስ» ሲሆን የሚያመለክተው የአንድ ሠዓሊን ወይም ደራሲን ሥራዎች፣ ወይም እንደ «ሮድወርክስ» ያለ የግንባታ ሥራ ነው።

በግስነታቸው ያለ ችግር የሚያገለግሉና በስምነታቸው የማይቆጠሩ ሌሎችም አሉ። «ሄልፕ» አይቆጠርም፤ «ዩ ሃቭ ቢን ኤ ግሬት ሄልፕ» የሚለው የተለመደ አባባል ብቻ «ኤ» ይቀበላል። «ትራቭል» አይቆጠርም፤ አንድ ጉዞ «ኤ ትሪፕ» ነው። «ሪሰርች»ን ማብዛት ሲፈልጉ «ስተዲስ» ይበሉ። «ኤክስፒሪየንስ» የሥራ ልምድ ሲሆን አይቆጠርም፣ ገጠመኝ ሲሆን ይቆጠራል፤ በሥራ ማመልከቻ ላይ «ፋይቭ ይርስ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ» እንጂ «ማይ ኤክስፒሪየንስስ» ብለው ከጻፉ ስለ ገጠመኞችዎ የሚተርኩ ይመስላል። «ዳሜጅ» ላይ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ጉዳት ሲሆን አይቆጠርም፤ «ዳሜጅስ» ብለው ካበዙት ፍርድ ቤት የሚወስነው የካሳ ገንዘብ ነው። በውል ሰነድ ላይ ይህች አንዲት ፊደል ከባድ ጣጣ ታመጣለች።

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር መመሪያ ላይ «ባክአፕድ» እና «ሎጊንድ» የሚሉ ቃላት አሉ። ትክክል ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። «ባክአፕ»፣ «ሎጊን»፣ «ሴትአፕ»፣ «ሻትዳውን» ተያይዘው ሲጻፉ ስም ናቸው። ግሳቸው ሁለት ቃል ነው፤ ክፍተት ይኖረዋል፤ የኃላፊ ጊዜ ቅጥያም የሚገባው በመጀመሪያው ቃል ላይ ነው፦ «ባክድ አፕ»፣ «ሎግድ ኢን»። የብዙ ቁጥር «ኤስ» ደግሞ ስሙ መጨረሻ ላይ ይገባል።

ከተጠራጠሩ መሀሉ ላይ «ኢት» ያስገቡ። «ባክ ኢት አፕ»፣ «ሻት ኢት ዳውን» ማለት ከቻሉ ግስ ነው፤ ለያይተው ይጻፉት። «ሎግ ኢን» ተሳቢ ስለማይወስድ ይህ ፈተና አይሠራለትም፤ ለእሱ ኃላፊ ጊዜውን ይሞክሩ። በመተግበሪያ ላይ ያለ አዝራር ትእዛዝ ከሆነ («ግባ») በሁለት ቃል፣ የገጽ ስም ከሆነ («የመግቢያ ገጽ») በአንድ ቃል ይጻፋል። አንዳንዶች ወደ ስም ሲዞሩ ቅደም ተከተላቸው ይገለበጣል፤ «ብሬክ አውት» ግስ፣ «አውትብሬክ» ስም።

ጥያቄ፦ «ጎግል»ን እና «ቴክስት»ን እንደ ግስ መጠቀም ቋንቋ ማበላሸት አይደለም? ኃላፊ ጊዜውስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ማበላሸት ከሆነ የቆየ ማበላሸት ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ስምና ግስ በመድረሻቸው ይለዩ ነበር፤ ፍቅር «ሉፉ»፣ ማፍቀር «ሉፊያን»። በመካከለኛው ዘመን እነዚያ መድረሻዎች እየደከሙ ጠፉና ሁለቱም «ላቭ» ላይ ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ ተናጋሪው ማንኛውንም ስም ያለ ምንም ቅጥያ ግስ ማድረግ ቀለለው። ቅሬታውም አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው የፖለቲካ ሰውና ጸሐፊ ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1789፣ በኋላ የታወቀውን የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ላዘጋጀው ለኖኅ ዌብስተር በጻፈው ደብዳቤ «ኖቲስ»፣ «አድቮኬት» እና «ፕሮግሬስ» ግስ መደረጋቸውን ነቅፎ ነበር። ዛሬ ሦስቱም በየጽሑፉ ሲገኙ ማንም ቅር አይለውም። «ጎግል» በግስነቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ገብቷል።

ቢሆንም ደረጃ አለው። «ኢሜይል» እና «ቴክስት» በየትኛውም ጽሑፍ ያልፋሉ። «ጎግል»ን በጥናታዊ ጽሑፍ «ሰርች» ብንለው እንመርጣለን። «ኢምፓክት»ን እንደ ግስ የሚጠሉ አራሚዎች አሁንም ስላሉ «አፌክት» ማለት ክርክር ያስቀራል። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከግስ ወደ ስም የዞሩት «ኢንቫይት» (ለግብዣ) እና «ኤ ቢግ አስክ» ለንግግር እንጂ ለደብዳቤ አይሆኑም።

ከስም የመጣ ግስ ኃላፊ ጊዜው ሥርዓታዊ ነው፦ «ጎግልድ»፣ «ቴክስትድ»። ብዙዎች «አይ ቴክስት ሂም የስተርደይ» ይላሉ፤ መጨረሻው «ት» ስለሆነ ብቻ ያለፈ ይመስላቸዋል። ድምፁ ሥርዓቱን የማይከተል ሌላ ግስ ቢመስልም ደንቡ ይጸናል። ደወል ሲጮህ «ራንግ» ነው፤ ከ«ሪንግ» (ቀለበት) የመጣው መክበብ ግን «ሪንግድ»። ዕቃው ይህን ያህል አወጣ ሲባል «ኮስት» ሳይለወጥ ይቀራል፤ የፕሮጀክቱ ወጪ ተሰላ ሲባል «ኮስትድ» ይሆናል።

ጥያቄ፦ «ሉክ» ማለት ሲበቃ «ሃቭ ኤ ሉክ» ለምን ይባላል? እኛ «ቼክ አደረግሁ» እንደምንለው ነው?

መልስ፦ መልኩ ይመሳሰላል፤ ሥራው ግን ይለያል። አማርኛ ባዕድ ቃልን በቀላሉ ስለማያረባ «አደረገ»ን ይደግፍበታል፤ «ቼክ አደረገ»፣ «ቻርጅ አደረገ»። እንግሊዝኛው ግሱን መጠቀም እየቻለ ስሙን ሲመርጥ ድርጊቱ አጭርና አንድ ጊዜ የሚሆን መሆኑን ማሳየቱ ነው። «ሺ ዎክድ ቱ ወርክ» በእግሯ ሄደች ማለት ሲሆን፣ «ሺ ቱክ ኤ ዎክ» ደግሞ ለመናፈስ ወጣ አለች ማለት ነው።

የትኛው ስም ከየትኛው ረዳት ጋር እንደሚሄድ ደንብ የለውም፤ አብሮ መያዝ ነው፦ «ሃቭ ኤ ሉክ»፣ «ቴክ ኤ ዎክ»፣ «ሜክ ኤ ሪክዌስት»፣ «ፔይ ኤ ቪዚት»። «ሜክ ሚ ኤ ኮል» አይባልም፤ «ጊቭ ሚ ኤ ኮል» ወይም «ኮል ሚ» ይበሉ።

ጥያቄ፦ ስሙን ካወቅሁ የግሱን ትርጉም መገመት እችላለሁ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። «ዎተር» ሲሆን ውኃ መስጠት፣ «ሚልክ» ሲሆን ወተት መውሰድ ነው። «ደስት» ሁለቱንም ይችላል፤ መደርደሪያ ላይ ሲሆን አቧራውን ማንሣት፣ ኬክ ላይ ሲሆን ስኳር መነስነስ። «ማዘር» መንከባከብ፣ «ፋዘር» ግን ልጅ መውለድ ነው። የሚያጣላው «ቴብል» ነው፤ በብሪታንያ እንግሊዝኛ ሐሳብን ለውይይት ማቅረብ፣ በአሜሪካ ደግሞ ለጊዜው ወደ ጎን ማስቀመጥ ነው። ሁለቱም ወገኖች ባሉበት ስብሰባ ላይ ቃሉን ትተው «ፕሮፖዝ» ወይም «ፖስፖን» ይበሉ።